የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒቶች፦ በሰዓቱ መውሰድና አለማቋረጥ

የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለብዎ፣ ወይም ከቤተሰብዎ አንዱ ሕመሙ እንዳለበት ተነግሮዎት ይሆናል። ከሆስፒታል ሲወጡ በእጅዎ የያዙት የመድኃኒት ማዘዣና ጥቂት ኪኒን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ኪኒን ነው። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ እንዴትና መቼ እንደሚወሰድ ያስረዳል። በተለይ የተዘጋጀው በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ለሚኖሩ ሕሙማንና አስታማሚዎች ነው።

በአጭሩ

• መድኃኒቱ ሕመሙን ከሥሩ አያጠፋውም። ምልክቶቹን ግን በብዙ ይቀንሳል፤ ሰው እንደገና እንዲራመድ፣ እንዲጎርስ፣ ልብሱን እንዲለብስ ያግዛል።
• የሚሠራው በሰዓቱ ከተወሰደ ነው። ሰዓቱ ካለፈ ሰውነት እንደገና ይገተራል።
• በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያማክሩ አያቁሙ፤ አልቆብዎ ከመቅረቱ በፊትም ይዘጋጁ።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲቀናና እንዲፈጥን ያደርጋል። በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ዶፓሚንም ያንሳል። ሕመሙ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ በጻፈው በእንግሊዛዊው ሐኪም በጄምስ ፓርኪንሰን ስም ነው።

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች፦

• እጅ ወይም እግር ሥራ ፈትቶ ባረፈበት ጊዜ መንቀጥቀጥ፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል
• የእንቅስቃሴ መዘግየት፦ ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ፣ ከመደብ መነሣት ረጅም ጊዜ መፍጀት
• የጡንቻ መገተር
• ሲራመዱ እጅ አለመወናጨፍ፣ እርምጃ ማጠርና ሚዛን መሳት

ድምፅ መቅጠን፣ የእጅ ጽሕፈት መድቀቅ፣ ሽታ አለመለየትና የሆድ ድርቀትም ሊኖሩ ይችላሉ። ሁሉም ሰው አይንቀጠቀጥም።

በገጠር ይህ ሁሉ ሲታይ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ወይም «መጋኛ መታው» ይባላል። ፊት ፈገግታ ስለሚያጣም «ተቀየመ፣ ከሰው ራቀ» የሚባልበት ጊዜ አለ። እውነቱ ግን የፊት ጡንቻም እንደ እጁ መገተሩ ነው። ሕመሙ ተላላፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተካሄደ ጥናት ከ100,000 ሰው ውስጥ 7 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ቢሆንም ሕመሙ የከተማ ብቻ አለመሆኑን ይነግረናል።

ሕመሙን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚለየው ታሪክዎን ጠይቆ፣ አካሄድዎንና እንቅስቃሴዎን አይቶ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ ሕመሙ መቼና በየትኛው ወገን እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር የሚናገር ሰው ይዘው ይሂዱ።

በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች

ሊቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር። ዋናውና ከሁሉ በላይ የሚረዳው ይህ ነው። ዶፓሚን ራሱ በአፍ ቢወሰድ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሊቮዶፓ ግን ያልፋል፤ አንጎል ውስጥ ገብቶም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ካርቢዶፓ ደግሞ ሊቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይባክን ይጠብቀዋል፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል። ሁለቱ በአንድ ኪኒን ተቀላቅለው ይገኛሉ። ሊቮዶፓ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው፤ እስከ ዛሬም ከእሱ የተሻለ አልተገኘም።

ትራይሄክሲፌኒዲል። ብዙዎች «አርቴን» በሚለው ስሙ ያውቁታል። በተለይ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ግን የመርሳት፣ የመደናገርና የሌለ ነገር የማየት ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች በጥንቃቄ ነው የሚያዙት። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያስቸግራል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ወይም የሽንት መከልከል ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

ሌሎች። ብሮሞክሪፕቲንና ፕራሚፔክሶል የዶፓሚንን ሥራ መስለው ይሠራሉ። ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን ዶፓሚን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋሉ። አማንታዲን ከፈቃድ ውጭ ለሚመጣ መወራጨት ይረዳል። እነዚህ በየቦታው ስለማይገኙና ውድ ስለሆኑ ብዙ ሕሙማን የሚታከሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ይህ ሊያስጨንቅዎ አይገባም፤ ሊቮዶፓን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ዋናውን ሕክምና አግኝቷል።

ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ

የሊቮዶፓና የካርቢዶፓ ኪኒን በተለያየ መጠን ይሠራል። ሳጥኑ ላይ 25/100 ወይም 25/250 ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዱ አገላብጦ 250/25 ብሎ ይጽፋል። ትልቁ ቁጥር ሊቮዶፓው ነው፣ በሚሊ ግራም።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ለምሳሌ ሐኪሙ 25/100 አንድ አንድ ፍሬ አዞልዎት ፋርማሲው ያለው 25/250 ብቻ ቢሆን፣ አንድ ፍሬ ሲውጡ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊቮዶፓ ወሰዱ ማለት ነው። ማዞር፣ ማስመለስና መወራጨት ሊከተል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ከ250 ወደ 100 ከተለወጠብዎ «መድኃኒቱ አልሠራ አለኝ» ይላሉ። ስለዚህ ባዶውን ሳጥን አይጣሉ። ወደ ፋርማሲ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ ቁጥሩ ከተለየ ሳይወስዱ በፊት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ሕክምናው የሚጀመረው በትንሽ መጠን ነው፤ ከዚያ ሐኪሙ እያየ ይጨምራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለመዳን በመቸኮል በራስዎ መጠኑን አይጨምሩ። ተገቢው መጠን እስኪገኝ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

በሰዓቱ መውሰድ

አንድ ፍሬ ሊቮዶፓ ከተዋጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ ይጀምራል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ኃይሉ ያልቃል። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ተብሎ ሲታዘዝልዎ ትርጉሙ «ሲመችዎ» ማለት አይደለም፤ በእኩል ርቀት፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ማለት ነው። ለምሳሌ በቀን ሦስት ጊዜ ከታዘዘልዎ ሐኪምዎ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ሊልዎ ይችላል።

አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ይጠንቀቁ። ማዘዣው ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ይጠይቁ፤ ፋርማሲስቱም «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ይጻፍልዎ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ በስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙላልዎ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት 6፡00 ሆኖ እንደሚታይ አይርሱ።

እርሻ ወይም ገበያ ሲሄዱ የቀኑን ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ። መንገድ ላይ ሰዓቱ ደርሶ መድኃኒቱ ቤት ከቀረ፣ እግርዎ መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ቀጥ ሊል ይችላል።

ከረሱ፣ እንዳስታወሱ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የረሱትን ትተው የሰዓቱን ብቻ ይውሰዱ። ሁለት ፍሬ ደርበው አይውሰዱ።

ኪኒኑና ምግብ

ሊቮዶፓ በአንጀት የሚያልፈው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከጥራጥሬ ከሚገኘው ፕሮቲን ጋር እየተሻማ ነው። ኪኒኑን ከሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር አብረው ከወሰዱት አቅሙ ሊቀንስ፣ ሥራ ለመጀመርም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ፦

• ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይውሰዱት።
• በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ትንሽ ዳቦ ወይም ደረቅ እንጀራ ይቅመሱበት።
• ጥራጥሬውን፣ ሥጋውንና ወተቱን አይተዉ፤ ሰውነት ይከሳል። የሚበሉበትን ሰዓት ብቻ ከኪኒኑ ያራቁ።
• የደም ማነስ መድኃኒት የሆነው የአይረን ኪኒንም የሊቮዶፓን ኃይል ይቀንሳል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቁ።

«ባቄላ ለፓርኪንሰን መድኃኒት ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ በእርግጥ ሊቮዶፓ አለው። መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ፣ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ስንት እንደወሰዱ ማወቅ አይቻልም። እንደ ምግብ ይብሉት፤ በኪኒኑ ምትክ ግን አይውሰዱት። እሸት ባቄላ በብዛት በበሉ ቀን መወራጨት ወይም ማዞር ከተሰማዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጾምና ጸበል

በዓቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱንና የቀኑን ኪኒን ሊዘል ይችላል። በዚህ ሕመም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊወድቅ፣ ምራቁን መዋጥ ሊያቅተው ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሁለት ሰዎች ጋር ይነጋገሩ፤ ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ። ለንስሐ አባትዎ ኪኒኑ በሰዓት የሚወሰድ መሆኑን፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚደርስብዎ በግልጽ ያስረዱ። ለሕመምተኛ የጾም ሕግ እንደሚላላ እርሳቸው ያውቃሉ። ለመቁረብ ካሰቡም አስቀድመው ይምከሩ። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ በሽተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ ነው፤ ኢማምዎንና ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ መድኃኒቱን አያቁሙ። ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ይኸው ጥያቄ በተነሣበት ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጸበሉን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ጸበል ቦታ ለቀናት የሚቀመጡ ከሆነ ለዚያ ጊዜ የሚበቃ ኪኒን ይያዙ፤ ሰዓቱን የሚያስታውስ ሰውም አብሮዎት ይሂድ። ቀዝቃዛ ውኃና እርጥብ ድንጋይ ለመውደቅ ያጋልጣል፤ የሚደግፍዎ ሰው አይለይዎ።

የጎንዮሽ ጉዳቶች

ማቅለሽለሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሲነሡ ማዞር። የደም ግፊት ሲነሡ ዝቅ ስለሚል ነው። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይቁሙ። የደም ግፊት መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሽንት ወይም የላብ መጥቆር ወይም መቅላት። ሊቮዶፓ ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል፤ ጉዳት የለውም። ነጭ ነጠላ ላይ ዕድፍ ቢያዩ አይደንግጡ።

እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። እንዲህ የሚሰማዎ ከሆነ ሞተር ብስክሌት ወይም መኪና አይንዱ፤ እሳት አጠገብ ብቻዎን አይቀመጡ።

የሌለ ነገር ማየት ወይም መደናገር። የሞተ ዘመድ መጣ ማለት፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሰው ማየት ሊኖር ይችላል። ይህ የመድኃኒቱ ወይም የሕመሙ ውጤት ሊሆን ስለሚችል ሳይፈሩና ሳያፍሩ ለሐኪም ይንገሩ። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል።

ከፈቃድ ውጭ መወራጨት። ከዓመታት በኋላ አንገት፣ እጅ ወይም ወገብ በራሱ ሊወዛወዝ ይችላል። ይህ ከመንቀጥቀጡ የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ በጣም በሠራበት ሰዓት ነው።

ለሌላ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይጎዳሉ

ለማስመለስ ወይም ለማቅለሽለሽ በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ «ፕላዚል» የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ይህ መድኃኒት ዶፓሚንን ይከለክላል። የፓርኪንሰን ሕመም ላለበት ሰው ሊቮዶፓው የሠራውን ያፈርሳል፤ መገተሩን ያብሰዋል። ለአእምሮ ሕመም ወይም ለመረበሽ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ ናቸው።

በሌላ በኩል ሕመሙ የሌለበት ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስድ ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲለወጥ ይሻላል። ስለዚህ ወደ ማንኛውም ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል ወይም የግል ክሊኒክ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚናገሩት «የፓርኪንሰን ሕመም አለብኝ፤ ፕላዚል አይሰጠኝ» የሚለውን ይሁን። በወረቀት ጽፈው ከጤና መድን ካርድዎ ጋር ይያዙት። ለቀዶ ጥገና ወይም ለሌላ ሕመም ከተኙም ሊቮዶፓዎ በሰዓቱ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

መድኃኒቱ እንዳያልቅብዎ

ሊቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት እንደ እንጨት ሊደርቅ፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊነሣ፣ አእምሮ ሊስት ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ኪኒኑ ከማለቁ በፊት መተካት ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር በቡሬና በእንጅባራ በኩል ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪና ባልተገኘ ወይም መንገድ በተዘጋ ቀን አይደረስም። ይህን አስቀድመው በማሰብ፦

• ሲታከሙ በተቻለ መጠን የሁለትና የሦስት ወር እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።
• የሁለት ሳምንት ኪኒን ለመጠባበቂያ ለብቻው ያስቀምጡ። የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን አስቀድመው ይጠቀሙ።
• ኪኒኑ ከእርጥበት፣ ከፀሐይና ከሕፃናት የራቀ ይሁን። ከምድጃ በላይ አይሰቀል።
• በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሆስፒታል ፋርማሲ ከሌለ «መቼ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ማዘዣውን በስልክ ፎቶ ተቀብሎ እንዲያፈላልግ ያድርጉ።
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ሥርዓቱን ይከተሉ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች። ወረቀቱ ሳይያዝ ከተሄደ ወጪው በራስዎ ሊሆን ይችላል።
• ጥቂት ፍሬ ብቻ ከቀረዎትና የሚተካ ካጡ፣ አንዱን እየገመሱ በራስዎ ከማብቃቃትዎ በፊት ሐኪም ያነጋግሩ። መቀነስ ግድ ከሆነ እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ኪኒኑ ቶሎ ማለቅ ሲጀምር

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀድሞ ግማሽ ቀን ያቆይ የነበረው ኪኒን በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ያልቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «መድኃኒቱ ለመደኝ፤ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ መሥራቱን አላቆመም፤ አንጎል ዶፓሚኑን አስቀምጦ የሚያቆይበት አቅም ስላነሰ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መጠኑን ከፋፍሎ ቶሎ ቶሎ መውሰድ ወይም ሌላ መድኃኒት መጨመር ነው።

ሐኪሙ ይህን እንዲያስተካክል እርስዎ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። ለሦስት ቀን በደብተር ላይ ኪኒኑን የዋጡበትን ሰዓት፣ ሰውነት የተፈታበትን ሰዓት፣ እንደገና የተገተረበትን ሰዓት ይጻፉ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ይህን ሊሠራው ይችላል። ሐኪም ፊት በቀረቡ ጊዜ «ደህና ነኝ» ከማለት ይህ ደብተር ይበልጣል።

ለአስታማሚዎች

የምታስታምሟቸው እናት ወይም አባት ጠዋት ራሳቸው ጫማቸውን አጥልቀው፣ ረፋድ ላይ ጽዋ ማንሣት ሲያቅታቸው «እያወቁ ነው» አትበሉ። ኪኒኑ አልቆ ነው። ከባድ ሥራዎችን፣ ማለትም መታጠብን፣ ምግብንና ገበያን፣ ኪኒኑ በሚሠራበት ሰዓት አድርጉላቸው። በየቀኑ ያራምዷቸው፤ እንቅስቃሴ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሠራል። ለድርቀት ተልባ፣ አትክልትና ብዙ ውኃ ስጧቸው። ቤት ውስጥ የሚያደናቅፍ በርጩማና እንጨት አንሡ፤ ሌሊት መብራት ይኑር።

ብቻችሁንም አይደላችሁም። በአዲስ አበባ ሕመሙ ያለባቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ። በቅርባችሁ ደግሞ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት አስረዷት፤ ቤት ለቤት ስትዞር ልታይላችሁ ትችላለች።

ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• መድኃኒት ከተቋረጠ በኋላ ከፍተኛ ትኩሳት፣ መድረቅና መደናገር
• ምግብ ወይም ውኃ ትን ማለት፣ ከዚያም ሳልና ትኩሳት
• ወድቆ ጭንቅላት መመታት ወይም መቆም አለመቻል
• ሽንት መከልከል
• በድንገት የመጣ ኃይለኛ መደናገር ወይም ራስን ለመጉዳት ማሰብ

ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነሳጥኑ ይያዙ፤ የሚቀጥለው ኪኒን ሰዓት ከደረሰና መዋጥ ከቻሉም መንገድ ላይ ሳሉ ይውሰዱት።